ጀማሪ ባንድን መድረክ ላይ የሚያሳፍሩ ስህተቶች ከነመላቸው

ሙሽሮቹ ገና በር ላይ ናቸው። ኪቦርዱ መግቢያውን ጀመረ፣ ጊታሩ ተከተለ፣ ቤዙ ገባ። ሁሉም የሚጫወቱት ያንኑ ዘፈን ነው፤ ኪቦርዱ ግን ከሌሎቹ አንድ ድምፅ ከፍ ብሏል። ድምፃዊው ወደ ግራ ያያል፣ ወደ ቀኝ ያያል፤ የቱን ይዞ እንደሚገባ ግራ ገብቶታል። እልልታው በመሀል ቀጥ አለ።

በኋላ «ልጆቹ ፈርተው ነው» ይባላል። ፍርሃት ግን የኪቦርድ ትራንስፖዝ ቁልፍ (ድምፁን ሁሉ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገውን) አይጫንም። አማተር ባንድ መድረክ ላይ የሚያፍርበት ነገር በአብዛኛው የሚሠራው ቀደም ብሎ ነው፤ ወይ ልምምድ ክፍል ውስጥ፣ ወይ ሥራውን ሲቀበሉ «ችግር የለም፣ እዚያው እናየዋለን» የተባለ ዕለት። የሚከተሉት ስህተቶች ክብደታቸው እኩል ስላልሆነ አንዳንዶቹ ላይ እንቆያለን፣ አንዳንዶቹን ጠቅሰን እናልፋለን።

መነሻ ድምፁን ከቅጂው እንዳለ መውሰድ

የታወቀ ዘፈን ሲጠና ባንዱ የሚይዘው በቅጂው ላይ የሰማውን መነሻ ድምፅ ነው። ያ ድምፅ የተመረጠው ግን ለዋናው ዘፋኝ ጉሮሮ ነው። የእናንተው ድምፃዊ ልምምድ ክፍል ተቀምጦ በለሆሳስ ሲያንጎራጉረው ይደርስበታል፤ መድረክ ላይ ሁለት ሰዓት ከዘፈነ በኋላ ግን ያቺ ከፍተኛዋ ኖታ ላይ ድምፁ ይሰነጠቃል።

መላው ቀላል ነው። በዘፈኑ ውስጥ ከፍተኛዋን ኖታ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ አዝማቹ ላይ ናት። ድምፃዊው ቆሞ፣ በሙሉ ድምፅ፣ ያቺን ስንኝ ሦስት ጊዜ አከታትሎ ይዝፈናት። ሦስተኛው ላይ አንገቱን ከወጠረ መነሻውን በግማሽ ድምፅ (ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ) አውርዱና እንደገና ሞክሩ። በዚያው ልክ ዝቅተኛዋንም ኖታ አትርሱ፤ ብዙ ከወረዳችሁ የግጥሙ መጀመሪያ ከቤዙ ሥር ገብቶ ይቀራል። የሴት ዘፈን ወንድ ሲዘፍነው፣ ወይም በተቃራኒው፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ግማሽ ድምፅ ማንቀሳቀስ ይጠይቃል። የተገኘውን መነሻ በአንድ ወረቀት ላይ ከዘፈኑ ስም ፊት ለፊት ጻፉት። ወረቀቱ ለሁሉም ይባዛ፤ በቃል የተያዘ መነሻ ድምፅ መድረክ ላይ ይጠፋል።

ሲጻፍም አንድ ወጥመድ አለ። ግማሹ ሙዚቀኛ ኖታን በ«ዶ ሬ ሚ» ይጠራል፣ ግማሹ በእንግሊዝኛው ፊደል። «ሲ ላይ ነው» ያለው ጊታሪስት በፊደሉ ቆጥሮ ዶን ማለቱ ነው፤ በ«ዶ ሬ ሚ» ያደገው ሳክስፎኒስት ግን የሰማው ሰባተኛዋን ኖታ፣ ከዶ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለችውን ነው። በግማሽ ድምፅ ከመሳሳት የከፋ መሳሳት የለም፤ ጎረቤት ኖታዎች አብረው ሲጮኹ ሙዚቃ የማያውቅ ሰው እንኳ ፊቱን ያጨማድዳል። ባንዱ አንዱን አጠራር መርጦ ይጽና። እዚህ ጽሑፍ ላይ የምንጠቀመው «ዶ ሬ ሚ»ውን ነው።

ሳክስፎን ያለበት ባንድ ደግሞ አንድ እርምጃ ይጨምራል። አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲወጣ፣ ኪቦርዱ ዶ ሲል አልቶ ሳክስፎን የሚይዘው ላ ነው፣ ቴነር ሳክስፎንና ትራምፔት ሬ ይይዛሉ። ጊታሪስቶች ሚን ይወዳሉ፣ ክፍት ክር ስለሚያገኙበት፤ ያን ጊዜ አልቶው ዶ ሻርፕ (ሻርፕ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ማለት ነው)፣ ቴነሩ ፋ ሻርፕ ላይ ይወድቃሉ። ለጀማሪ ነፊ ጣት የሚያጣምም ነገር ነው። ነፊያችሁ ገና ከሆነ መነሻውን ግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ብቻውን ዘፈኑን ያድነዋል። ዋሽንት ከሆነ የሚነፋው ምርጫው የበለጠ ጠባብ ነው፤ አንዱ ዋሽንት ቁመቱ ከፈቀደለት ድምፅ አይወጣም፣ ነፊዎች ብዙ ዋሽንት ይዘው የሚዞሩትም ለዚህ ነው። የዘፈኑን ወረቀት ቀድማችሁ ስጡት።

ትራንስፖዝ ቁልፉን በተመለከተ ሕጉ አንድ ነው። ኪቦርዲስቱ ቁልፉን የሚነካ ከሆነ ከእያንዳንዱ ዘፈን በኋላ ወደ ዜሮ ይመልሰው፤ አለበለዚያ ለየዘፈኑ ድምፁን፣ ሪትሙንና ትራንስፖዙን በአንድ ማስታወሻ ቁልፍ ላይ ያስቀምጥ። ከሁሉም የሚሻለው ግን በሁሉም መነሻ መጫወት መልመድ ነው፤ ትራንስፖዝ ላይ የተደገፈ እጅ ውሎ አድሮ ያጋልጣል።

ቅኝቱን ሳያውቁ ኮርድ መደርደር

ይህ ቀስ ብሎ የሚያሳፍር ስህተት ነው። ማንም አይስቅም፤ ተመልካቹ ግን «የሆነ ነገር ጎድሎታል» ብሎ ወደ ምግቡ ይመለሳል።

ብዙ ጀማሪ ጊታሪስቶችና ኪቦርዲስቶች የተማሩት ከውጭ ዘፈኖች ነው፤ ባለ ሰባት ኖታውን ስኬልና ሦስቱን ኮርዶች ይዘው ይመጣሉ። የኛ ቅኝት አምስት ኖታ ነው። ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በዚህ ላይ የዶ ሜጀርና የላ ማይነር ኮርዶች ሙሉ በሙሉ ከቅኝቱ ኖታዎች ይሠራሉ። የሶል ሜጀር ኮርድ ግን ሲን፣ የፋ ሜጀር ኮርድ ደግሞ ፋን ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም። አቀናባሪ አውቆ ሊያስገባቸው ይችላል፣ ብዙ ጥሩ ቅንብር ውስጥም አሉ። ሳያውቁ ሲገቡ ግን ድምፃዊው በዜማው መሀል የሚረግጠው ድንጋይ ይሆናሉ። ጥርጣሬ ካላችሁ የሶል ኮርዱን መሀለኛ ኖታ ጣሉት፤ ሶልና ሬ ብቻ ተይዘው ማንንም አይቆረቁሩም።

አንቺሆዬ ላይ ሲደረስ ይህም መላ አይሠራም። ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው (ፍላት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው)። ልብ በሉ፣ ደህናው ሶል የለም። ዶን ከሶል ጋር መግጨት የለመደ የጊታር እጅ እዚህ በየመለኪያው (ምቱ በተዟዟረ ቁጥር) ከዜማው ጋር ይጣላል። የሚሻለው ኮርድ ትቶ ቤዙ ዶ ላይ ቆሞ፣ ሌላው ዜማውን አብሮ መከተል ነው። ማሲንቆ ሲያጅብ ልብ ብሎ የሰማ ሰው ይህ ድህነት እንዳልሆነ ያውቃል።

ሌላው የሚያምታታ ነገር፣ ተመሳሳይ አምስት ኖታ ይዘው ሁለት ቅኝት የሚሆኑ አሉ። ትዝታ ማይነር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። እነዚሁ ኖታዎች ከሶል ጀምረው ሶል ላይ ሲያርፉ አምባሰል ናቸው። በዚያው መንገድ ባቲ ማይነር ከዶ ሲነሳ የሚይዛቸው ኖታዎች፣ ከሚ ፍላት የሚነሳው ትዝታ ሜጀር ከሚይዛቸው ጋር አንድ ናቸው። ቤዚስቱ ኖታዎቹን ብቻ ቆጥሮ ማረፊያውን ካልጠየቀ አምባሰሉን ሁሉ ትዝታ ያደርገዋል። ኖታው ሁሉ ልክ ነው፣ ዘፈኑ ግን ሌላ ዘፈን ሆኗል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ከመነሻው ጎን ቅኝቱም ይጻፍ፤ «አምባሰል፣ ሶል» ማለት ይበቃል።

ክራር ካላችሁ ቅኝቱ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተልም ይወስናል። ክራር ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲሄድ ሁለት ሦስት ክር እንደገና መቃኘት አለበት፤ በጩኸት መሀል ይህ ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ይበላል። በየዘፈኑ ቅኝት የሚቀያየር ዝርዝር ካወጣችሁ ተመልካቹ የሚሰማው ዘፈን ሳይሆን ክር ሲወጠር ነው። አንድ ቅኝት ያላቸውን ሦስት አራት ዘፈኖች በተከታታይ አድርጓቸው፤ ቅኝት የሚለወጥበትን ቦታ ሙሽሮችን ለማመስገን ወይም ለእረፍት አውሉት።

ፍጥነትን ለልብ ምት መተው

መድረክ ላይ ልብ ይመታል፣ ድራመሩም ልቡን ይከተላል። ልምምድ ላይ በደቂቃ 116 ምት የነበረ ዘፈን 128 ላይ ይጀመራል እንበል፤ ለድራመሩ ምንም አይደለም፣ ለድምፃዊው ግን የቃላት ውድድር ነው። የአማርኛ ግጥም ሲጣደፍ መጀመሪያ የሚጠፋው የሚጠብቀው ፊደል ነው፤ «አለ» እና «አለ» ልዩነታቸው ሲጠፋ ግጥሙም ይጠፋል።

ድራመሩ ጆሮ ውስጥ የሚደረግ ሜትሮኖም (ፍጥነቱን እየመታ የሚያሰማ) በስልክ ይያዝ። ዘፈኑ እስኪያልቅ መከተል የለበትም፤ ከመቁጠሩ በፊት ለአምስት ሰከንድ መስማት በቂ ነው። በነገራችን ላይ፣ የድሮ ቅጂዎች ያለ ሜትሮኖም የተቀዱ ስለሆኑ ብዙዎቹ መጨረሻቸው ከመጀመሪያቸው ይፈጥናል። ፍጥነቱን ስትለኩ ከመጀመሪያው አዝማች ለኩ።

አቆጣጠሩም ራሱ ያፋጃል። ችክችካ በስድስት የሚቆጠር ነው፤ «አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት»፣ እግር የሚመታው ግን ሁለት ጊዜ ነው። ድራመሩ በእንጨቱ ሁለት ጊዜ መትቶ ይገባል፣ ኪቦርዱ ደግሞ ሦስት ሊቆጠር ነው ብሎ ይጠብቃል። ሁሌ ሁለት ሙሉ መለኪያ ይቆጠር፤ የመጀመሪያው በእንጨት፣ ሁለተኛው በሃይሃቱ (በእግር በሚከፈተውና በሚዘጋው ጥንድ ሲምባል) ላይ ስድስቱንም እየነካ። ያን ጊዜ የሚሳሳት የለም።

መጀመሪያውን መቶ ጊዜ፣ መጨረሻውን ሁለት ጊዜ መለማመድ

ልምምድ ላይ አንድ ሰው ሲሳሳት ባንዱ ይቆምና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ መግቢያውን ሁሉም ተኝቶ ይጫወተዋል፣ መጨረሻውን ግን ማንም አያውቀውም። መድረክ ላይ ሁለቱ ያቆማሉ፣ ሳክስፎኑ ይቀጥላል፣ ድራመሩ ደግሞ ለሁሉም እንዲያልቅ ደጋግሞ ሲምባል ይመታል።

ቢያንስ በሳምንት አንዱን ልምምድ ሳታቆሙ ተጫወቱት። የ45 ደቂቃ ዙር ከሆነ ሰዓት ያዙና 45 ደቂቃ ተጫወቱ፤ የተሳሳተ ይሳሳት። አምስት ደቂቃ የሚረዝም ዘፈን በዚህ ውስጥ ስምንት ብቻ ነው የሚገባው፣ ማስተካከያና ንግግር አለና። አሥራ ሁለት የጻፈ ባንድ አራቱን መድረክ ላይ እየተጨቃጨቀ ይሰርዛል። ሌላው፣ ክብ ሠርታችሁ ፊት ለፊት እየተያያችሁ ብቻ አትለማመዱ። መድረክ ላይ ሁሉም ወደ ተመልካቹ ነው የሚዞረው፣ ቤዚስቱም የድራመሩን እግር አያይም።

ለእያንዳንዱ ዘፈን መጨረሻውን የሚሰጥ አንድ ሰው ይመደብ። የተጨበጠ እጅ «ይሄን ዙር ጨርሰን እናቁም»፣ የሚዞር ጣት «አዝማቹን ድገሙ»፣ አናት ላይ የተቀመጠ እጅ «ከመጀመሪያው» ይሁን። የእናንተ ምልክት ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ሁሉም ማወቁ ነው። ሠርግ ላይ ይህ ግድ ነው፤ እስክስታው ደርቶ ሳለ «ዘፈኑ አራት ደቂቃ ነው» ብሎ የሚያቆም ባንድ ሁለተኛ አይጠራም።

ጩኸትን ኃይል አድርጎ ማየት

ልምምድ ክፍሉ አራት ሜትር በአራት ሜትር ነው። ድራሙ ይጮኻል፣ ጊታሪስቱ አልሰማም ብሎ አምፑን ይጨምራል፣ ቤዙ ይከተላል፣ ኪቦርዱ አይቀርም። በመጨረሻ ድምፃዊው ማይኩን ሲያስጨምር ስፒከሩ ያፏጫል። አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ያው በአሥር እጥፍ። ሳውንድ ቼክ ላይ የሁሉም ልማድ ከድራም መጀመር ነው፤ ለትንሽ ባንድ ግን የሚሻለው ከድምፃዊው መጀመር ነው፤ ማፏጨት የሚጀምረውም ገደብ ያለበትም የእሱ ማይክ ነውና። ማይኩን እስኪያፏጭ ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ ትንሽ መልሱት፤ ያ ጣሪያችሁ ነው። ድራመሩ ብቻውን ይጫወትና ድምፃዊው በላዩ ይሰማ እንደሆነ እዩ። ካልተሰማ መፍትሔው ቀለል ያለ እንጨትና ቀለል ያለ እጅ ነው። ሌሎቹ ከዚያ በታች ይገባሉ።

ማይክ የሚያፏጭባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። ዋናዎቹ ስፒከሮች ከዘፋኞቹ ኋላ ከቆሙ ምንም ዓይነት ሚክሰር አያድናችሁም፤ ሁልጊዜ ከማይኮቹ ፊት፣ ወደ ተመልካቹ ዞረው ይቁሙ። ሹር ኤስኤም 58ን የመሰለ ማይክ ከጀርባው በኩል የሚመጣውን ድምፅ ብዙ አይሰማም፤ ስለዚህ ሞኒተሩ (ድምፃዊው ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) በድምፃዊው እግር ፊት፣ ቀጥ ብሎ ወደ እሱ ይዙር። የሹር ቤታ 58 ማይክ ግን ከጀርባው ትንሽ ይሰማል፤ ለእሱ ሞኒተሩን ወደ ጎን ፈቀቅ ማድረግ ይሻላል። የማይኩን ጭንቅላት በመዳፍ ጨብጦ መዝፈን ለፎቶ ያምራል፤ የማይኩን የኋላ ቀዳዳዎች ስለሚደፍን ከየአቅጣጫው ያለውን ሁሉ እንዲሰማ ያደርገዋል፣ ወዲያው ያፏጫል። ማንም የማይዘፍንበት ማይክም ክፍት አይቀመጥ፤ የተከፈቱት ማይኮች ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር ከማፏጨት በፊት ያላችሁ ጣሪያ በ3 ዴሲቤል ይወርዳል። ለተቀባዮቹ ሦስት ማይክ ከመዘርጋት አንድ ማይክ ዙሪያ መቆማቸው ይሻላል።

የባህል መሣሪያ ሲጨመር ሥራው ይበዛል። ማሲንቆ ቆዳ የተወጠረበት ባዶ ሣጥን ነው፤ አጠገቡ ቤዝ ሲጮህ ሣጥኑ አብሮ ያገሳል። ከቤዝ አምፕና ከድራም አርቁት፣ ሚክሰሩ ላይ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚቆርጠውን ቁልፍ ተጫኑ፣ ሞኒተር ላይ አትመልሱት ወይም በጣም ጥቂት መልሱ። ክራር ላይ የተለጠፈ ፒክአፕ ቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ሲሰካ ድምፁ ቆርቆሮ ይሆናል፤ በመሀል ዲአይ ቦክስ (የመሣሪያውን ድምፅ ለሚክሰሩ እንዲስማማ የሚያደርግ ትንሽ ሣጥን) ይግባ። ከበሮ ደግሞ እርጥበት ሲነካው ቆዳው ይላላል፤ ቀድሞ ፀሐይ ወይም እሳት አጠገብ መሞቅ አለበት፣ መብራት ሥር ማስቀመጥ በቂ አይደለም።

ገመድ ላይ ሦስት ነገር ብቻ። የጊታር ገመድ ከስድስት ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፣ ሲረዝም ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል። የጊታር ገመድና የስፒከር ገመድ ጃካቸው ቢመሳሰልም ውስጣቸው አንድ አይደለም፤ በጊታር ገመድ ስፒከር ያገናኘ ሰው ገመዱን ያግላል፣ አምፑንም ሊያቃጥል ይችላል። ሚክሰሩ ላይ ያለውን የ48 ቮልት ቁልፍ (ለአንዳንድ ማይክ ኃይል የሚልከውን) ደግሞ ቻናሉ ሳይወርድ አትንኩት፣ አዳራሹን የሚያስደነግጥ ፍንዳታ ነው የሚወጣው። ሲከፈት ሚክሰሩ ቀድሞ አምፑ ይከተላል፤ ሲዘጋ አምፑ ይቀድማል።

መብራቱን ለአዳራሹ ሰው መተው

አንድ ሶኬት፣ ከእሱ አንድ ማራዘሚያ፣ ከእሱ ሌላ ማራዘሚያ፣ በመጨረሻም ሁሉም ነገር። የእንጀራ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ይህ 16 አምፔር ገደማ ነው፣ ለአንድ ሶኬት መስመር ሙሉ ጭነት። ምግብ አቅራቢው ማሞቂያውን ወይም ምጣዱን ከእናንተ ጋር በአንድ መስመር ከሰካው ሦስተኛው ዘፈን ላይ ብሬከሩ ይወርዳል። አዳራሹን አስቀድማችሁ ስታዩ «ሶኬት አለ ወይ» ብቻ አትጠይቁ፤ «ይህ ሶኬት ከየትኛው ብሬከር ነው፣ ኩሽናውስ ከየትኛው?» በሉ። የተጠቀለለ ማራዘሚያ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፣ ተጠቅልሎ ሲሠራ ይግላል።

መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ጊታሩ ምንም አይሆንም፣ ኪቦርዱ ግን ጠፍቶ ሲነሳ የመረጣችሁትን ድምፅ ይረሳል። የሚስበው ኃይል ትንሽ ስለሆነ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ይበቃዋል። አምፖቹን እዚያ ላይ አትሰኩ።

ስፒከሩ «ውውው» ሲል የሶኬቱን የመሬት እግር ቆርጦ ዝም ያሰኘ «ባለሙያ» ካጋጠማችሁ መሣሪያችሁን ይዛችሁ ውረዱ። ድምፁ ይጠፋል፤ የጊታር ክር የያዘ ሰው ከንፈሩ ማይክ ሲነካ ግን መንገድ የሚሆነው እሱ ነው። መፍትሔው የመድረኩን ዕቃ ሁሉ ከአንድ መስመር ማብራት፣ ካልሆነም ዲአይ ቦክሱ ላይ ያለውን የመሬት ማለያያ መጫን ነው።

የማይናገሩትን ቋንቋ በጆሮ ብቻ መዝፈን

ሠርግ ላይ ጉራጊኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ይጠየቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ድምፃዊው ቃላቱን ከስልክ ሰምቶ በግምት ይዘፍናል። ዳር የቆመ ሁሉ ሲጨፍር የሙሽራዋ አክስት ብቻ ፊቷን ታዞራለች፤ አንዲት የላላች ፊደል ነገሩን ወደ ስድብ ወስዳዋለች። ቋንቋውን የሚናገር ሰው ግጥሙን በፊደል ይጻፍላችሁ፣ የሚጠብቁት ላይ ምልክት ያድርግ፣ ትርጉሙን ይንገራችሁ፣ በመጨረሻም ሲዘፈን ይስማ። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ለዚያ ዙር የሚዘፍን እንግዳ ድምፃዊ ጥሩ።

ገንዘቡን «በኋላ እንነጋገራለን» ማለት

ባንድ የሚፈርሰው በመጥፎ ሙዚቃ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው ከሥራ በኋላ፣ ሌሊት፣ መኪና ውስጥ ነው።

ከባለ ሠርጉ ጋር የሚነገረው ነገር በወረቀት ይስፈር፤ ስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ከዚያ በላይ በሰዓት ስንት፣ ሳውንዱን ማን ይከራያል፣ ትራንስፖርቱን ማን ይችላል፣ ባንዱ መቼ ይበላል። ግማሹ ቀብድ፣ ቀሪው ከመጨረሻው ዙር በፊት ይከፈል። ሰዓቱን ስትጽፉ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከቀኑ» ብላችሁ ጻፉት፣ በተለይ ደዋዩ ከውጭ አገር ከሆነ፤ «10 ሰዓት» ለሁለት ሰው ሁለት የተለያየ ሰዓት ነው። ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ሁለት ሥራ አትያዙ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፤ አዲስ ዘፈን የሚጠናው ያኔ ነው።

በመሀላችሁ ደግሞ ቁጥሩ ክፍት ይሁን። ለምሳሌ ክፍያው 40,000 ብር ከሆነ፣ የሳውንድ ኪራይ 12,000፣ ትራንስፖርት 3,000 ወጥቶ 25,000 ይቀራል። ከእሱ አንድ አሥረኛው፣ 2,500፣ ለባንዱ ሣጥን ይግባ፤ ለክር፣ ለገመድ፣ ለጥገና። 22,500ው ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 4,500 ነው። «እኔ ነኝ ሥራውን ያመጣሁት» እና «ኪቦርዱ የኔ ነው» የሚሉት ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፤ ተገቢነታቸው ግን ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ሲነሱ ነው።

ሽልማቱን አትርሱ። እንግዳ ብር አውጥቶ ድምፃዊው ግንባር ላይ ይለጥፋል፣ ማሲንቆው ላይ ይሰካል። ያ ገንዘብ የማን ነው? የተሸለመው ይውሰድ የሚሉ አሉ፣ ለጋራ ይሁን የሚሉም አሉ። እኛ ለጋራ የሚለውን እንመርጣለን፤ ቤዚስት ግንባሩ ላይ ብር ተለጥፎለት አያውቅምና።

ስህተቱን ለተመልካቹ ማስተዋወቅ

ግጥም ጠፋ፤ ድምፃዊው «ይቅርታ» ብሎ በማይክ ይስቃል። ጊታሪስቱ ሳተ፤ ቤዚስቱ ዞሮ ያፈጥበታል። ተመልካቹ ከዚያ በፊት ምንም አልሰማም ነበር። ድራምና ቤዝ ምንም ቢመጣ አይቆሙም፤ የጠፋበት ሰው መነሻውን ኖታ ብቻ ይዞ አዝማቹን ይጠብቃል። ግጥም ሲጠፋ ተቀባዮቹ ወዲያው አዝማቹን ያነሳሉ። ግጥምን ከስልክ ማንበብም አያዋጣም፣ ስክሪኑ በሠላሳ ሰከንድ ይዘጋል ወይም መሀል ላይ ይደወላል። በትልቅ ፊደል አትማችሁ መሬት ላይ በፕላስተር ለጥፉት።

ክር የሚቀየረው በዋዜማው ነው፤ የዕለቱ ዕለት የገባ ክር እየተለጠጠ ከቅኝት ሲወጣ ያመሻል። ድልድዩ በስፕሪንግ የሚንቀሳቀስ ጊታር አንድ ክር ሲበጠስበት ሌሎቹ አምስቱም ይበላሻሉ፣ ስለዚህ ያለ ሁለተኛ ጊታር አይወጣበትም። ቦርሳው ውስጥ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ፊውዝ፣ የድራም ቁልፍ፣ ትርፍ ጃክና ፕላስተር ይኑር።

የጓደኛን ምስጋና እንደ መለኪያ መውሰድ

«ሙድ ነበር» ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው፤ የሰሙት ግን እናንተን እንጂ ሙዚቃውን አይደለም። ስልክ ወይም መቅጃ ከመድረኩ ርቆ፣ ከአዳራሹ ወገብ ትንሽ ኋላ አስቀምጡና ሙሉውን ዙር ቅዱ። በዚያው ሌሊት አትስሙት፤ በነጋታው፣ አብራችሁ፣ እስክሪብቶ ይዛችሁ ስሙት። ያማል። መሣሪያው ሁሉ የተወደደለት ሰው ድምፃዊው የማይሰማበትን ዘፈን ያገኛል። ከአንድ ዝግጅት ሦስት ነገር ብቻ ጻፉና ቀጣዩ ልምምድ ላይ እነሱን አርሙ።

ቅጂው ካማረ ዩቲዩብ ላይ ከመጫናችሁ በፊት የማን ዘፈን እንደሆነ አስቡ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 እና በማሻሻያው 872/2007 የግጥሙ፣ የዜማውና የቅንብሩ ባለቤቶች መብት አላቸው፤ የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። «ስሙን ጠቅሰናል» ፈቃድ አይደለም። ሰዎቹን ማግኘት ያን ያህል አይከብድም፣ ብዙዎቹ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል።

ባዶ አዳራሽን ለሙሉ አዳራሽ መጫወት

የመጀመሪያው የራሳችሁ ዝግጅት ላይ መቶ ወንበር ተደርድሮ አሥራ አንድ ሰው ይመጣል፣ ስድስቱ ዘመድ። እዚህ ላይ ብዙ ባንድ እንደታቀደው ይጫወታል፤ ድራሙ ባዶ ግድግዳ ላይ ያስተጋባል፣ አሥራ አንዱም ሰው በየጥግ ተበትኖ ስልኩን ያያል። የኋላውን ወንበር አንሱ፣ ሰዎቹን ወደፊት ጥሩ፣ የኋላውን መብራት አጥፉ። ድራመሩ እንጨቱን ትቶ ብሩሽ ወይም እጁን ይጠቀም፣ ጊታሪስቱ አምፑን ወደ ግድግዳው ያዙር፣ አሥራ ሁለቱ ዘፈን ሰባት ይሁን። ተመልካቹ ሦስት ሜትር ላይ ከተቀመጠ ማይክ የሚያስፈልገው ድምፃዊው ብቻ ነው፤ አንዳንዴ እሱም አያስፈልገውም።